ቤት ኪራዩ ረከሰ፤ ኑሮውስ?

ደመወዝ በገባ ማግስት ግማሹን ለአከራይ የሚያስተላልፍ የአዲስ አበባ ሠራተኛ «ሐዋሳ ብገባስ? አዳማ ብሄድስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል። ከመሃል ከተማ የተነሣው ሰው ዳር ዳሩን ይዟል። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ሜክሲኮ ለመድረስ ሰው ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። በዚህ መሀል ከክልል ከተማ የመጣ የድሮ ጓደኛ «እኔ ምሳዬን ቤቴ ገብቼ ነው የምበላው» ሲል ይሰማል። ልብ ይሸፍታል።

ይህን የምጽፈው ልባቸው ለሸፈተ ሠራተኞች ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ የሚወስነው የአዲስ አበባን ኪራይ ከዚያኛው ከተማ ኪራይ ጋር አስተያይቶ ነው፤ ሚዛኑ ግን ጎደሎ ነው። በአነስተኛ ከተማ ኑሮን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ሥራው ነው። ሥራ ስል ደግሞ አሁን የተገኘውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ቢቀር እዚያው ከተማ ውስጥ የሚገኘውን ሁለተኛውን ማለቴ ነው። ስለዚህ ደላላ ጋ ከመደወልዎ በፊት ወረቀት ያውጡና በዚያ ከተማ የእርስዎን ሙያ የሚቀጥሩ መሥሪያ ቤቶችን በስም ይጻፉ። ሦስት መሙላት ካቃተዎት ኪራዩ ምንም ያህል ቢረክስ ቆም ብለው ያስቡ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምናገር የሐዋሳ ታሪክ ያስረዳል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የክልል መቀመጫ ናት፣ ባንኩም ሆቴሉም ሞልቷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች፣ በተለይ ከገጠር ለመጡ ሴቶች፣ የሥራ በር ተከፈተ። ከተማዋ ግን ያን ሁሉ ሰው የሚያስገባ ቤት አልነበራትም። ባለ ግቢዎች ክፍል እየቀጠሉ አከራዩ፤ ሠራተኞቹ ሦስትና አራት እየሆኑ በአንድ ክፍል ተዳበሉ፤ ርካሽ ይባል የነበረው ኪራይ በፋብሪካ ደመወዝ የማይቻል ሆነ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ሸቀጥን ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው ከአጎዋ ተጠቃሚነት አስወጣች። ፓርኩ ሲመሠረት ሌሎቹን አስከትሎ የመጣው ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ሌሎችም ሥራ ቀነሱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አይደለችም የተጎዳችው። የሰው ኃይል ባለሙያው፣ የጥራት ተቆጣጣሪው፣ የጉምሩክ ሰነድ አስፈጻሚው፣ የፓርኩን ሠርቪስ የሚነዳው ሾፌር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈላጊ ሆኑ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ባለሙያው ሌላ በር ያንኳኳል። እዚያ ግን ሁሉም ያንኑ ጥቂት በር ነው ያንኳኳው።

ከዚህ ተነሥቼ ለማን ሂዱ፣ ለማን ቆዩ እንደምል መገመት አያስቸግርም። የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ሐኪም፣ በቴሌኮም ወይም በመብራት ኃይል የሚሠራ ቴክኒሻን ቀጣሪው በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ደረጃውም ደመወዙም ተቀራራቢ ሆኖ ይከተለዋል። ለውጭ ደንበኛ በኢንተርኔት የሚሠራ ባለሙያም ገቢው ከከተማው ጋር አልተሳሰረም። በአንጻሩ የማስታወቂያ ባለሙያ፣ የኩባንያ ሕግ አማካሪ፣ የትልቅ ሕንፃ መሐንዲስ፣ የአስመጪ ሠራተኛ ደንበኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። እነዚህ ኪራይ ለማትረፍ ሲሉ ገበያቸውን ጥለው እንዳይሄዱ እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን ይተኩበት። አንድ ሠራተኛ አዲስ አበባ ላይ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 18,000 ብር እጁ ይገባል እንበል። ኪራይ 8,000፣ ታክሲ 2,000፣ የውጭ ምሳ 2,500 ሲወጣ 5,500 ብር ይቀረዋል። ክልል ከተማ ላይ ደግሞ የተጣራ 13,500 ብር የሚከፍል ሥራ አገኘ። ኪራዩ 4,500 ብር ብቻ ነው። ባጃጅ 800፣ ቤት የሚበላው ምሳ 1,000፣ ቧንቧ ሲጠፋ ለሚገዛው ውሃ 300፣ አዲስ አበባ ያሉ ወላጆቹን ለመጠየቅ በየወሩ በአማካይ 1,500 ብር። የሚቀረው 5,400 ብር ነው። ኪራዩ በግማሽ ያህል ወርዶ እንኳ ኪሱ መቶ ብር ጎደለበት።

ይህ ሂሳብ «አትሂዱ» አይልም። ደመወዙ 18,000 እንዳለ ቢቆይ ኖሮ የሚተርፈው 9,900 ብር ይሆን ነበርና ልዩነቱ ያለው ከደመወዙ ድርድር ላይ ነው። አሠሪዎች «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» እያሉ ደመወዝ ይቀንሳሉ። እርስዎ ግን ርካሽ የሆነውና ያልሆነው ተለይቶ እንዲታወቅ ያድርጉ። ኪራይ ይረክሳል፤ አትክልቱ፣ ወተቱ፣ በየአካባቢው የሚመረተው እህል ይረክሳል። መድኃኒት፣ ዘይት፣ ልብስ፣ ስልክ፣ የመኪና መለዋወጫ ግን አይረክስም፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ስለሚሄድ አንዳንዱ እንዲያውም ይወደዳል። የዝውውር ደብዳቤ ሲሰጥዎ አዲስ አበባ ላይ ያገኙት የነበረው የቤት ወይም የትራንስፖርት አበል ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ በቃል የሰጠው ተስፋ እሱ ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

በዚህ ሂሳብ ውስጥ በብር ያልተቀመጠ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ጊዜ። ለመሄድና ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው በወር 22 ቀን ቢሠራ 66 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከስምንት ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ነው። ሐዋሳ፣ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ላይ ከቢሮ ወጥቶ በሩብ ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ያንን ጊዜ ያገኘዋል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ይቀበላል፣ የማታ ትምህርት ይማራል፣ ሰውነቱን ያሳርፋል። እኔ ከኪራዩ ይልቅ ይህን ትርፍ አስበልጣለሁ። ነገር ግን ምን ልሠራበት ነው ብለው አስቀድመው ካልወሰኑ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት በጫት ቤትና በቡና ቤት ያልቃል፤ የተረፈውም ብር እዚያው ይቀራል።

ባለትዳር ለሆኑ ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ባል ተዛውሮ ሚስት ሥራዋን ለቃ ስትከተል፣ ብዙ ቤት ይህን እንደ መሥዋዕትነት ቆጥሮ ያልፈዋል እንጂ አያሰላውም። የእሷ ደመወዝ 10,000 ብር ቢሆን በኪራይ የተገኘው ትርፍ ሦስት እጥፍ ያህሉ ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። ከዚያም የሥራ ልምዷ ይቋረጣል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ከጀማሪ እኩል ትወዳደራለች። የጡረታ መዋጮውም፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው፣ በእነዚያ ዓመታት ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት አንዱ ሥራ ሳያገኝ ሌላው ብቻ አይፈርም ባይ ነኝ። እሷ ተዛውራ እሱ የሚከተል ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

ሥራው ተገኘ፣ ሂሳቡም ተስማማ እንበል። የሚቀጥለው ጥያቄ መቼ ነው ጓዝ የሚነሣው የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አሠሪው ለሥራው ብቁ ሆነው አላገኘሁዎትም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። 60 የሥራ ቀን ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰብ አይነቀል፤ ልጅም ትምህርት ቤት አይቀየር። ብቻዎን ሄደው አንድ ክፍል ይከራዩ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ይዳበሉ። የቀድሞ ሥራዎንም ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእጅዎ ይዘው ይውጡ። ከ275 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ማኅተም ለማስመታት መመላለስ አድካሚ ነው።

ቤት ሲያዩ ቀንም ሰዓትም ይምረጡ። ደላላ ሁልጊዜ የሚያሳየው በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው ተጠርጎ ነው። እርስዎ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ለሥራ በሚጣደፍበት ጊዜ ተመልሰው ይሂዱ። በየተከራዩ በር ላይ ቢጫ ጄሪካኖች ሞልተው ከተደረደሩ ውሃው በፈረቃ ነው፤ ባዶ ከሆኑ ደግሞ ፈረቃው ራሱ ቀርቷል ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ካለ ክዳኑን አስከፍተው ይዩት። ለስምንት ቤተሰብ አንድ ሮቶ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ያልቃል። ተከራዮቹን «ውሃ ስንት ቀን ቆይቶ ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ አከራይዋ አጠገብዎ ካልቆሙ እውነቱን ይነግሩዎታል። ሽንት ቤቱን የሚጋራው ሰው ስንት እንደሆነ ቁልፎቹን ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል።

ቆጣሪውንም ይዩ። የመብራት ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እንዲጨምር ሆኖ በእርከን የተሠራ ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል፤ አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ቻርጀር ብቻ ያለው ሰውም በዚያው ውድ ዋጋ ይከፍላል። ለብቻው ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ኪራዩ ትንሽ ከፍ ቢልም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ምጣድ መጣድ ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ፤ ተከራይና አከራይን እንደ እንጀራ ምጣድ የሚያጣላ የለም።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላሉ ከተሞች ስለ ውሃው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በአዳማ፣ በባቱና በሐዋሳ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንትንም ይጎዳል። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ስለሚተን መጠኑን ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ ግቢው የሚጠጣው የከተማው ቧንቧ ነው ወይስ የግል ጉድጓድ ብለው ይጠይቁ፤ ትንንሽ ልጆች ካሉዎት ጉድጓድ ውሃ ለመታጠቢያ ይሁን።

ወባም አይረሳ። አገራችን ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአብዛኛው ወባማ ነው፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ሁሉም ከዚያ በታች ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አጎበር መስቀል አይለምድም፤ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ እሱ ይሁን። ደብረ ብርሃን የሚሄድ ደግሞ ወባን ትቶ ብርድን ያስብ፤ ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኮርኒስና የመስኮት ክፍተት እዚያ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለሁሉም ከተማ የሚሠራው ግን ቤቱን በክረምት ማየት ነው። ሐዋሳን በመሰለ ሜዳማ ከተማ ነሐሴ ላይ ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ጥር ላይ ሲታይ ደረቅና የሚያምር ነው። ወሩን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ትምህርት ሲከፈት ክፍል ይጠፋል፤ ፍለጋውን ቀደም ያድርጉት።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ተግባራዊ እንዲሆንባቸው በወሰናቸው ላይ ስለሆነ፣ የሚሄዱበት ከተማ ከእነዚያ ውስጥ መሆኑን ቀበሌው ወይም የከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ያረጋግጡ። ተግባራዊ ያልሆነበት ቦታ ቢሆንም ያንኑ ይዘት ውሉ ላይ ማስፈር ማንም አይከለክልዎትም። የዓመት ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ካጋጠመዎት፣ ቅናሽ ቢያደርግልዎትም እንኳ ሥራው ባልጸና ሰው እጅ ያ ገንዘብ ከባንክ መውጣት የለበትም። የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይስማሙ። ቤቱ በኮሪደር ልማት ወይም በመንገድ ፕላን ላይ ያረፈ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አሁን አሁን የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ውጭም ገብቷል።

«እዚያ ቦታ ርካሽ ነው፤ ቤት ልሥራ» የሚል ሐሳብ በሁለተኛው ወር ይመጣል። ይቆይ። በከተሞች ዳርቻ ከአርሶ አደር በወረቀት ውል የሚሸጥ መሬት በሕግ አይሸጥም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የከተማ ቦታ የሚገኘውም በሊዝ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ሲፈርስ የብዙ ዓመት ቁጠባ አብሮት ይፈርሳል። ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ቀርበው ሳያጣሩ፣ እግድ እንደሌለበትም ሳያረጋግጡ አንድ ብር አይስጡ።

ልጆች ካሉ፣ በሚሄዱበት ከተማ ያሉት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ከሁሉ በፊት ይጠይቁ። አዳማና ቢሾፍቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ በሲዳምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአማርኛ የሚያስተምሩትም አሉ፤ የትኛው ለቤትዎ ቅርብ እንደሆነ ሰፈር ከመምረጥዎ በፊት ይወቁ። የልጅ ጆሮ ቋንቋ ቶሎ ይይዛልና ይህን እንደ ችግር ብቻ አይዩት። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኝን ግን በመሃል ዓመት አያዛውሩ።

ማኅበራዊ ኑሮው በአነስተኛ ከተማ ፈጥኖ ይገነባል፤ ሆኖም በራሱ አይመጣም። ከወረዳዎ መሸኛ ይዘው ይሂዱ፣ የፋይዳ ቁጥርዎ እንዳለ ያገለግልዎታል፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ተመዝጋቢ ከሆኑ በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚቀጥል ይጠይቁ። ዕድር ቶሎ ይግቡ። የአዲስ አበባውን ግን አዲሱ ሙሉ አባል አድርጎ እስኪቀበልዎ ድረስ አይተውት፤ አዲስ አባል ጥቂት ወር ሳይከፍል መብት የማይሰጥ ዕድር ብዙ ነው። የማያቋርጥ ሕክምና የሚከታተል ሰው በቤተሰቡ ያለው፣ የኩላሊት እጥበትም ይሁን የካንሰር ክትትል፣ ያንን የሚሰጥ ሆስፒታል ከተማው ውስጥ መኖሩን ደውሎ ሳይሆን ሄዶ ያረጋግጥ። በሪፈር ወደ አዲስ አበባ መመላለስ የኪራዩን ትርፍ በአንድ ወር ይበላዋል። የመንገዱ ጸጥታም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ ወላጅ ጠይቄ እመለሳለሁ ብለው ያቀዱበት መንገድ አሁን በሰላም የሚኬድበት መሆኑን በቅርቡ ከተመላለሰ ሰው ይስሙ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ደመወዙ ሳይቀንስ መዛወር የሚችል፣ ለሙያው ሦስት ቀጣሪ ያገኘ፣ ባለትዳር ከሆነም ለሁለቱም ሥራ ያለው ሰው አዲስ አበባ ላይ የሚያቆየው ምክንያት ጥቂት ነው፤ ይሂድ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ጥቂት ይታገሥና መጀመሪያ የጎደለውን ይሙላ። ለማጣራት ጊዜ የለኝም አይበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የዓመት ፈቃድዎ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ላይ አምስቱን ወስደው፣ ሆቴል ሳይሆን ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ዐርፈው፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ወደሚቀጠሩበት መሥሪያ ቤት ሄደው፣ ገበያውን ገብይተው፣ ውሃውንም ቀድተው ይዩት። ውሉን ከዚያ በኋላ ይፈርሙ።